ጓዝን ጠቅልሎ መውጣት የሚቻልበት ኢንተርኔት

አዲስ አፕ ወይም አዲስ ማኅበራዊ ሚዲያ ብቅ ሲል ሰዎች «እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። ነገ ባይመቸኝ ጓዜን ጠቅልዬ መውጣት እችላለሁ ወይ? ጓዝ የምለው ሦስት ነገር ነው፤ ስሜን፣ የሠራሁትን ሥራ፣ እዚያ ያገኘኋቸውን ሰዎች። ሦስቱንም ይዤ መውጣት ከቻልኩ አገልግሎቱ ቢበላሽም ብዙ አያሳስበኝም። አንዱን እንኳ ጥዬ የምወጣ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ልቤ አያርፍም።

ስለ ክፍትና ያልተማከለ፣ ማለትም በአንድ ኩባንያ እጅ ስላልገባ ኢንተርኔት ብዙ ይባላል። መፍትሔው ብሎክቼይን፣ መዝገብን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያኖረው ዘዴ፣ ነው የሚል አለ። ሁሉም ሰው ቤቱ ሰርቨር፣ ማለትም ገጽና መልእክት የሚያስተናግድ ኮምፒውተር፣ ይትከል የሚል አለ። ትልልቆቹን ኩባንያዎች መበታተን ነው የሚልም አለ። ሁሉንም እሰማለሁ። የምመዝናቸው ግን በዚያችው ጥያቄ ነው። ብሎክቼይኑን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር፤ ኢሜይልም ሆነ ድረ ገጽ ያለ እሱ ተሠርተው ዛሬም ይሠራሉ። ስለዚህ እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ይህን ነገር አጥብቄ እንድይዝ ያደረገኝ የእህቴ ጉዳይ ነው። እህቴ የስፌት መኪና ትጠግናለች። አሮጌ መኪና ፈትታ፣ አጽድታ፣ መልሳ ስትገጥም የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ነበሯት። ክር ለምን ይበጠሳል? መርፌው ለምን ስፌት ይዘላል? ከታች የሚሽከረከረው መንጠቆ መርፌውን የትኛዋ ነጥብ ላይ ነው ማግኘት ያለበት? እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሙዚቃ የለው፣ ጭፈራ የለው፤ የሚታየው እጇና መኪናው ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ብዙ ሰው ይከታተላት ጀመር። ጥያቄ ይልኩላታል። እሷ ሳትደርስ እርስ በርሳቸው ይመላለሳሉ። ከገበያ የጠፋ ዕቃ ለአንዱ ሌላው ያፈላልግለታል።

አንድ ጠዋት አካውንቷ ተዘጋ። የመጣው መልእክት ደንብ ተጥሷል ይላል። የትኛው ደንብ፣ በየትኛው ቪዲዮ፣ አይልም። የቅሬታ ቅጽ ነበረ፤ ሞላችው። መልሱ ሰው አንብቦት ሊሆን በማይችል ፍጥነት መጣ። ጉዳዩን አይተናል፣ ውሳኔው ጸንቷል። በቃ።

«ቪዲዮዎቹ እኮ ስልኬ ላይ አሉ፤ መልሼ እጭናቸዋለሁ» አለችኝ። «ሰዎቹን ግን ከየት አመጣቸዋለሁ?»

እኔም መልስ አልነበረኝም። ሥራዋ እጇ ላይ ነበር። ሰዎቹ ግን በስም የምታውቃቸው፣ ለዓመታት የጠየቋትና የመለሰችላቸው ሆነው ሳለ፣ አድራሻቸው የኩባንያው ንብረት ነበር። «እዚህ ተዛውሬያለሁ» የምትልበት አንዲት መስመር እንኳ አልተረፈላትም። ስሟም እዚያው ቀረ። የድሮው ሊንክ ሲነካ «ይህ ገጽ አልተገኘም» ይላል።

ኢንተርኔት እንዲህ እንዲሆን ተደርጎ አልተሠራም። ኢሜይልን ተመልከቱ። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ ፕሮግራመር በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልእክት ሲልክ የተጠቃሚውን ስምና የማሽኑን ስም «አት» በምንላት ምልክት ለያቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያቺ ምልክት ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች። ከግራዋ ያለው ሰው ነው፤ ከቀኟ ያለው ቦታ ነው። ቦታው ብዙ ሊሆን ይችላል። አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ ሆነን እንጻጻፋለን። እኔን ለማግኘት አንተ የእኔን ኩባንያ ደንበኛ መሆን የለብህም። ዛሬ በአንዱ የመልእክት አፕ ላይ ሆነህ በሌላው ላይ ላለ ጓደኛህ መጻፍ አለመቻልህን ለዚያ ዘመን ሰው ብትነግረው ግራ የሚገባው ይመስለኛል።

ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ በደንብ መታወቅ ያለበት ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰነድ ፈልጎ ለማንበብ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ጎፈር የሚባለውን ነበር። በ1991 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ቀላል፣ ፈጣን፣ በየዩኒቨርሲቲው የገባ። የቲም በርነርስ ሊ ድር ገና ልጅ ነበር፤ ሐሳቡን ይሠራበት ለነበረው ለሰርን፣ ለአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል፣ ያቀረበው በ1989 ነው። በ1993 ዩኒቨርሲቲው የጎፈርን ሰርቨር ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ አንዳንድ ወገኖች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ሰርን በተቃራኒው የድሩን ሶፍትዌር ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረው፣ እንዲያሰራጨው ፈቀደ። ፕሮግራመሮች ልባቸው ወዴት እንዳዘነበለ መገመት አያዳግትም። ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር ምስልን ከጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ላይ ማሳየቱም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ክፍያው ብቻውን ጎፈርን ገደለው አልልም። ግን ነገ ክፍያ ሊጠየቅበት በሚችል መሬት ላይ ቤት መሥራት ማን ይፈልጋል?

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በአንድ ቀን የተዘጋ ነገር የለም። ትንሽ በትንሽ ነው የተዘጋው። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የፈጣን መልእክት ታሪክ ነው። ጄረሚ ሚለር በ1999 ጃበር የሚባል ክፍት የመልእክት ሥርዓት ለሕዝብ አቀረበ። ኋላ ኤክስኤምፒፒ ተብሎ መደበኛ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ማሽኖች የሚግባቡበት የጋራ ደንብ፣ ሆነ። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው፤ ማንም ሰርቨር ተክሎ ከሌላው ጋር ይገናኛል። የጉግል የመልእክት አገልግሎት የነበረው ጉግል ቶክ በ2005 ሲጀመር ይህንኑ ተጠቀመ፤ በ2006 ደግሞ በሩን ለሌሎች ሰርቨሮች ከፈተ። ትንሽ ሰርቨር ያለው ሰው የጉግል ተጠቃሚ የሆነ ወዳጁን ማናገር ቻለ። በ2013 ሃንግአውትስ የሚባለው የጉግል አዲስ የመልእክት አፕ ሲመጣ ያ ግንኙነት እንደማይቀጥል ተነገረ። ፕሮቶኮሉ አልሞተም፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። ብዙ ሰው ያለበት ጎራ ግን በሩን ከውስጥ ዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጉግል ሪደርም ተዘጋ። በእሱ በኩል ጦማሮችን የሚከታተል ስንት ሰው ነበር! ከስሩ ያለው አርኤስኤስ፣ ገጾች አዲስ ነገር ሲያወጡ ለአንባቢ ፕሮግራሞች የሚያሳዩበት መንገድ፣ ግን ክፍት ስለሆነ የሚከታተሏቸውን ገጾች ዝርዝር በፋይል አውርዶ ሌላ አንባቢ ፕሮግራም ውስጥ መጫን ተቻለ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ቶክ ሲዘጋ ሰዎቹ ከበሩ ወዲያ ቀሩ። ሪደር ሲዘጋ ዝርዝሩ ከባለቤቱ ጋር ወጣ።

ፖድካስት ዛሬም በዚሁ በአርኤስኤስ ነው የሚኖረው። አንድን ፖድካስት በየትኛውም አፕ ማዳመጥ የሚቻለው ለዚህ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች ለራሳቸው ብቻ ሊያደርጉት ሞክረዋል፤ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልሆነላቸውም። ክፍት ኢንተርኔት ሕልም ነው ለሚሉኝ የማሳያቸው ይህንን ነው።

አሁን በእጄ የማደርገውን ልንገራችሁ። እኔ የራሴ ዶሜን፣ ማለትም በስሜ ያስመዘገብኩት የኢንተርኔት ስም፣ አለኝ። ከሁሉ የምሳሳለት እሱን ነው። ዶሜኑን ያስመዘገብኩበት ቦታ ስገባ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ለማየት የማይስብ፣ ጥቂት መስመሮች ያሉት። አንደኛው መስመር «ኤ» ይባላል። ከፊቱ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ገጼ ያለበት ሰርቨር አድራሻ ነው። ሌላው «ኤምኤክስ» ይባላል፤ ኢሜይሌን ማን እንደሚቀበልልኝ ይናገራል። አጠገባቸው ደግሞ በሰከንድ የሚቆጠር ቁጥር አለ። ሌሎች ኮምፒውተሮች ይህንን አድራሻ ለምን ያህል ጊዜ ይዘው እንዲቆዩ ይነግራቸዋል።

ሰርቨር ስቀይር ከዋዜማው ያቺን ቁጥር ከ3600 ወደ 300 ዝቅ አደርጋታለሁ። ያኔ አሮጌው አድራሻ በየቦታው ከ5 ደቂቃ በላይ አይቀመጥም። ገጾቼን ወደ አዲሱ ማሽን እገለብጣለሁ። ሁሉም መሥራቱን አያለሁ። ከዚያ የ«ኤ»ን መስመር እከፍታለሁ፣ አራቱን ቁጥሮች አጠፋለሁ፣ አዲሶቹን እጽፋለሁ፣ «አስቀምጥ» የሚለውን እነካለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንባቢው ሁሉ አዲሱ ቦታ ላይ ነው። ማንም አላወቀም። ሊንክ አልተሰበረም። የድሮውን ኩባንያ አላስፈቀድኩም። ኢሜይሌንም በ«ኤምኤክስ» መስመር እንዲሁ አዛውራለሁ፤ የሚጽፉልኝ ሰዎች ግን የሚጽፉት ወደዚያው ወደ ድሮው አድራሻ ነው። ስሜ ከኩባንያው ስም ጋር ስላልተጣበቀ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ይህን ነገር ሠርቼ ባሳየሁት ሰው ፊት ላይ የማየው ደስታ ሁልጊዜ ያበረታኛል።

ዶሜንም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ከላዩ አስተዳዳሪ አለ፤ መጨረሻው የሁለት ፊደል የአገር መለያ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው መንግሥት አለ። በ2024 በአፍጋኒስታን መለያ፣ በዶት ኤኤፍ ስር የነበረ አንድ የማስተዶን ሰርቨር ስሙን ተነጥቋል። ስለዚህ መለያ ስትመርጡ ከውበቱ በፊት አስተዳዳሪውን እዩ።

ማስተዶንን ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት። ኦይገን ሮችኮ በ2016 ያወጣው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ማቋቋሚያ ክፍት ሶፍትዌር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ ደንብ አለው፤ ግን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩበት ቋንቋ አክቲቪቲፐብ ይባላል። የድር መደበኛ አሠራሮችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ በጥር 2018 አጽድቆታል። የቪዲዮ አገልግሎት የሆነው ፒርቲዩብም ይህንኑ ቋንቋ ይናገራል። እዚህ ላይ ነው ለእህቴ ያሳየኋት ነገር ያለው። ፒርቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮ ጫነች። እኔ ከማስተዶን አካውንቴ ሆኜ ቻናሏን ተከተልኩ። ቪዲዮው እንደ ማንኛውም ፖስት መጣልኝ። «መንጠቆው ሲዘገይ ምልክቱ ምንድን ነው?» ብዬ መለስኩ። መልሴ እሷ ጋ ከቪዲዮው ሥር እንደ አስተያየት ወጣ። እኔ እዚያ አካውንት የለኝም። ሶፍትዌሩ ሌላ፣ ሰርቨሩ ሌላ፣ ባለቤቱ ሌላ። «አንተ እኮ እዚህ አልገባህም፤ እንዴት ጻፍክ?» አለች። ኢሜይል የምትልክልኝም እንዲሁ ነው አልኳት።

መልቀቅስ? ማስተዶን ላይ አዲስ ሰርቨር ላይ አካውንት ትከፍታለህ፣ አዲሱ አካውንት የድሮውን ያውቀዋል፣ ድሮው ደግሞ ወደ አዲሱ ይጠቁማል። ከዚያ ለተከታዮችህ ሰርቨሮች ሁሉ «ተዛውሯል» የሚል መልእክት ይሄዳል። ተከታዮችህ ምንም ሳይነኩ ወደ አዲሱ ይዞራሉ። እህቴ ያጣቻቸውን ዓይነት ሰዎች እዚህ ይዞ መውጣት ይቻላል። ሁለት ጉድለት ግን አለው፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛ፣ የድሮ ፖስቶችህ አብረው አይሄዱም። ሁለተኛ፣ የድሮው ሰርቨር በሕይወት መኖር፣ አንተንም ያላገደህ መሆን አለበት። ባለቤቱ ደክሞት በድንገት ካጠፋው «ተዛውሯል» የሚለውን መልእክት የሚልክልህ የለም። ብሉስካይ የሚባለው ሌላ ማኅበራዊ ሚዲያ ይህንን ችግር በሌላ መንገድ ይዞታል። መታወቂያህን ፖስቶችህ ከተቀመጡበት ሰርቨር ለይቶታል፤ የራስህን ዶሜንም ስምህ ልታደርገው ትችላለህ። ንድፉን እወደዋለሁ። ችግሩ አብዛኛው ተጠቃሚ ዛሬም ያለው በአንዱ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ መሆኑ ነው። በሩ ተሠርቷል፤ የወጣበት ሰው ግን ገና ጥቂት ነው።

ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሲከማች ምን እንደሚሆን ጥቅምት 4 ቀን 2021 አይተናል። ፌስቡክ በጥገና ላይ ሳለ በአንድ ትእዛዝ የተነሳ ወደ ማሽኖቹ የሚወስደው መንገድ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ጠፋ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል አንድ ላይ ወደቁ። የራሱ ሠራተኞች እንኳ ሊጠግኑ ወደ ሕንጻዎቹ ለመግባት ተቸግረው ነበር፤ በውስጥ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም አብረው ወድቀዋልና። ኢሜይል ግን በዚያ ቀን ይሠራ ነበር። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኛ ሥራውንም፣ ወሬውንም፣ የቤተሰቡንም ጉዳይ አንድ ኩባንያ ላይ አድርገን እየተጫወትን ነው።

ያልተማከለው ዓለም ግን ገነት አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሰርቨር ገንዘብ ይበላል። ከገንዘቡ በላይ ሰው ይበላል። አስጸያፊ ነገር ሲለጠፍ ማታ ተነስቶ የሚያነሳው ማን ነው? በብዙ ሰርቨሮች ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ይደክማሉ። አንዳንዶቹ በዚሁ ምክንያት ዘግተው ሄደዋል። ጥሩው ነገር አንድ ሰርቨር ሌላውን ማገድ መቻሉ ነው። በ2019 ጋብ የተባለው፣ በጥላቻ ንግግር ስሙ የሚነሳው መድረክ ወደ ማስተዶን ሶፍትዌር ሲዛወር አብዛኞቹ ሰርቨሮች አገዱት። ሶፍትዌሩ ክፍት ስለሆነ እንዳይጠቀም መከልከል አልተቻለም፤ ከእሱ ጋር ላለመነጋገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ወሰነ። እኔ ይህ ውሳኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ለሁሉም ከሚወሰን ይሻላል እላለሁ። ድካሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ሰርቨር ያላችሁ ሰዎች አወያዮቻችሁን አሳርፉ፣ ተጠቃሚ የሆናችሁ ደግሞ አዋጡ።

ኢሜይልም ራሱ ክፍት ሆኖ እየጠበበ ነው። የራስህን የኢሜይል ሰርቨር ብትተክል ፈቃድ የሚጠይቅህ የለም። ነገር ግን ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡትን፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉትን ሁሉ በትክክል አሟልተህ እንኳ መልእክትህ ትልልቆቹ ጋ ሲደርስ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስፓም እውነተኛ ችግር ስለሆነ ማጣራቱን አልቃወምም። የማጣሪያው መስፈርት በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መሆኑና ትንሹ ሰርቨር የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው የሚያሳስበኝ። ለዚህ ነው ለጀማሪ ዶሜኑን የራስህ አድርግ፣ ፖስታውን ግን የሚያስተናግድ ሌላ ፈልግ የምለው። ካልተስማማህ «ኤምኤክስ»ን ትቀይራለህ።

ሕግም የሚያግዝበት ቦታ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የዳታ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 20 ሰው የሰጠውን ዳታ ይዞ እንዲሄድ መብት ይሰጠዋል። ዛሬ ብዙ አገልግሎቶች ላይ «ዳታህን አውርድ» የሚል ቁልፍ መታየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁልፉን ስትነካ የሚመጣልህ ግን ብዙ ጊዜ የፋይል ክምር ነው። የራስህ ፎቶና ጽሑፍ አለ። የሰዎቹ ስም ዝርዝር አለ። ሰዎቹን የምታገኝበት መንገድ የለም። ስለዚህ ይበልጥ ተስፋ የማደርገው በሌላው ሕግ ነው፤ በኅብረቱ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ። እሱ ትልልቆቹ የመልእክት አገልግሎቶች ለሚጠይቁ ሌሎች አገልግሎቶች በር እንዲከፍቱ ያስገድዳል። ዋትስአፕና ሜሴንጀር ከ2024 ጀምሮ ግዴታው አለባቸው። ከሰው ጋር ለመነጋገር የግድ እሱ ያለበት ጎራ መግባት ካላስፈለገ መልቀቅ ቅጣት መሆኑ ይቀራል። በ2013 በጉግል ቶክ የተዘጋው በር በሕግ ሲከፈት ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እህቴ አሁን የራሷ ዶሜን አላት። ቪዲዮዎቿ መጀመሪያ የሚወጡት እዚያ ነው። ከዚያ ቅጂውን ሰው ወደሚበዛባቸው ትልልቅ ቦታዎች ትወስደዋለች፤ እነሱን ጣይ አላልኳትም፤ ሰው ያለው እዚያ ነውና። በየቪዲዮው መጨረሻ ላይ የገጿን አድራሻ በድምጿ ትናገራለች፣ ኢሜይላቸውን የሚተዉላት ደግሞ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። ዝርዝሩ ፋይል ነው፤ ባክአፑ እኔም ጋ አለ። ከድሮዎቹ ተከታዮች የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። እርስ በርስ ይመላለሱ የነበሩት፣ ዕቃ ያፈላልጉ የነበሩት ግን አንዱ ለሌላው እየነገረ እየመጡ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ፒርቲዩቡን በሰርቨራቸው የሚያስተናግዱልኝ ሰዎች ነገ ቢዘጉት ከቪዲዮዎቹ ሥር ያሉት መልሶች ምን ይሆናሉ?» ቪዲዮዎቹን ማውረድ ይቻላል። ሰዎች የጻፏቸውን መልሶች ከነጸሐፊዎቻቸው፣ ከነውይይታቸው ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውሮ እንደነበሩ ማስቀመጥ ግን ዛሬ በወጉ የሚሠራ መንገድ የለውም። መልሱ የጸሐፊው ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ይዛወር ወይ የሚለውም ቀላል አይደለም። እኔ አሁን የውይይቱን ቅጂ በየጊዜው ወደ ገጿ የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፤ ጸሐፊው ካጠፋው እኛም ጋ እንዲጠፋ አድርጌ። ኮዱን ክፍት አደርገዋለሁ። በአክቲቪቲፐብ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ የሚያስቸግረኝ የማጥፋቱ ክፍል ነው፤ ጻፉልኝ።